ያገለገለ የመኪና ሊፍት ለቤት ጋራዥ፦ እስከ ቅዳሜ መወሰን አለብኝ

ሹፌሩ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ አስቸኳይ ነገር ላማክራችሁ። እዚህ አገር ከመጣሁ 14 ዓመቴ ነው፣ የምተዳደረው በኡበር ነው። አገር ቤት ግን ሙያዬ መካኒክነት ነበር። ስለዚህ መኪናዬን ለሰው ሰጥቼ አላውቅም፣ ፍሬኑንም ዘይቱንም የምቀይረው ራሴ ነኝ። ያው በክሪክ አንስቼ፣ ካርቶን አንጥፌ፣ በጀርባዬ እየገባሁ። ዘንድሮ ወገቤ እምቢ አለ። በክረምቱ ብርድ ሲሚንቶው በረዶ ነው፣ ከሥር ስወጣ ጉልበቴን መዘርጋት ያቅተኛል።

አሁን እዚህ ቅርብ አንድ ጋራዥ ሊዘጋ ነውና ዕቃውን እየሸጠ ነው። ባለሁለት ምሰሶ ሊፍት አለው፣ 9,000 ፓውንድ የሚያነሳ። ሻጩ ዋጋው 1,800 ዶላር ነው አለኝ። ቅዳሜ ካልወሰድከው ለሌላ እሰጠዋለሁ ብሏል። እቁብ ደርሶኛል፣ ገንዘቡ እጄ ላይ ነው። የቤቴ ጋራዥ ጣሪያ 9 ጫማ ነው፣ የወለሉን ውፍረት ግን አላውቅም። ባለቤቴ «ልጆቹ ላይ ቢወድቅስ» እያለች እንቅልፍ አጥታለች። ዋጋው ያዋጣል? ወለሉስ ይችለዋል?

መካኒኩ፣ ጋርላንድ ቴክሳስ

ወንድሜ፣ ዋጋውን ለጊዜው ተወውና ቁመቱን ጠይቅ። ባለሁለት ምሰሶ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ምሰሶዎቹ ከላይ በብረት የተያያዙ ናቸው፣ ገመዱና የዘይት ቱቦውም በላይ በኩል ይሻገራል። እሱ ቁመቱ ወደ 12 ጫማ ይጠጋል። የአንተ ጣሪያ 9 ስለሆነ አይገባም፣ አለቀ። ሁለተኛው ገመዱ በወለል ላይ ያልፍና ላሜራ ይለብሳል። እሱ አጠር ይላል፣ ግን እሱም ቢሆን 9 ጫማ የሚያልፍ ስላለ ሜትር ይዘህ ሂድ።

ቢገባልህም ስሌቱን ሥራ። 9 ጫማ 2 ሜትር ከ74 ነው። ካምሪ ቁመቷ 1 ሜትር ከ45 አካባቢ ነው። ብታነሳት ብታነሳት 1 ሜትር ከ20 ነው፣ ከዚያ በላይ ጣሪያ ትነካለች። ቆመህ አትሠራም፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠህ ነው። ሲየና ከሆነች ደግሞ ቁመቷ ወደ 1 ሜትር ከ75 ስለሚሄድ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላልህም። የጋራዥህ በር ሲከፈትስ የት ነው የሚተኛው? ጣሪያው ሥር ነው። የበሩ ሞተርና ሐዲዱም እዚያው ነው። ይኼን ሳያስቡ ገዝተው የሸጡ ሰዎች አውቃለሁ።

ከላይ የሚያያይዘው ብረት አለው ወይስ የለውም? እሱን ንገረኝ።

ኢንጂነሩ፣ አሌክሳንድሪያ

የወለሉን ነገር እኔ ልበል፣ እንጀራዬ ኮንክሪት ነው። ለዚህ መጠን ሊፍት አምራቾቹ ብዙውን ጊዜ ቢያንስ 4 ኢንች ውፍረትና 3,000 ፒኤስአይ ጥንካሬ ይጠይቃሉ። አዲስ ከተሞላ 28 ቀን መጠበቅ አለበት። የአንተ ሊፍት መመሪያ 6 ኢንች ካለ 6 ነው፣ በ4 አይሆንም። የቤት ጋራዥ ወለል ፕላኑ ላይ 4 ተብሎ ሲበሳ 3 ተኩል ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ በግምት እንዳትሄድ። ምሰሶዎቹ የሚቆሙበት ሁለቱም ቦታ ላይ ቀጭን ቀዳዳ ብሳ፣ ጫፉ የታጠፈ ሽቦ አስገብተህ ከሥር አስይዘው፣ ከዚያ ለካ።

ከመብሳትህ በፊት ግን አንድ ነገር አረጋግጥ። አንዳንድ ወለል ውስጡ የተወጠረ የብረት ገመድ አለው፣ ቴክሳስ በጣም ብዙ ነው። ብዙ ጊዜ ጋራዡ ወለል ላይ ማስጠንቀቂያ ታትሞ ታገኛለህ። ያንን ገመድ በድሪል ከመታኸው ኮንክሪቱን ፈንቅሎ ይወጣል፣ ሰው ይገድላል።

ሻጩ «ከነብሎኑ ነው» ካለህ ብሎኑን አትቁጠረው። ከኮንክሪት የተነቀለ ብሎን ተመልሶ አይገባም፣ አዲስ ትገዛለህ። ስንጥቅ አጠገብ አይበሳም። ሞተሩም ምናልባት 220 ቮልት ነው፣ ለብቻው መስመርና ብሬከር ይፈልጋል። ይኼን ሁሉ ስትደምረው 1,800 የነበረው 1,800 አይቆይም።

ሻጩ ዘንድ ስትሄድ ሳይነቀል መኪና ጭነህ አስነሳው። ሲወጣ መቆለፊያው ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ሁለቱም ምሰሶ እኩል ቀጭ ማለት አለበት። አንዱ ከቀደመ ገመዱ ላይ ችግር አለ። መኪናው ወርዶ ሊፍቱ ሲቆም ገመዱ ላይ ጨርቅ ጎትት፣ ክሩን የሚይዝ የተበጠሰ ሽቦ ካለ ገመዱ ያለቀ ነው። ክንዶቹ መኪና ሥር ገብተው ጭነት ሲይዙ መቆለፍ አለባቸው፣ በእጅህ ገፍተህ የሚዞር ከሆነ ጥርሱ ተበልቷል። ምሰሶው ላይ በኋላ የተበየደ ነገር ካየህ ጥለህ ውጣ። የአምራቹ ስምና የሴሪያል ቁጥር ያለበትን ሰሌዳ ፎቶ አንሳ፣ ያለሱ መመሪያ አታገኝም። እዚህ አገር ሊፍት የሚያረጋግጠው ኤኤልአይ የሚባለው ተቋም ነው፣ ያለፈው ሊፍት ወርቃማ ምልክት ይለጠፍበታል። የለውም ማለት የግድ ይወድቃል ማለት አይደለም፣ እኔ ግን ቤቴ ውስጥ አላስገባውም።

ነርሷ፣ ሲያትል

ወንድም ዓለም፣ ለባለቤትህ ይኼን ንገራት። እኔ ድንገተኛ ክፍል ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ከሊፍት ላይ መኪና ወድቆበት የመጣ ሰው አልገጠመኝም። ክሪክ ተንሸራቶበት የመጣ ግን አይቻለሁ፣ ከአንድም ሁለት ጊዜ። አንደኛው ያገራችን ሰው ነበር። ሚስቱ በአማርኛ ስትጮህ ከኮሪደሩ ማዶ ሰምቼ ሮጬ የያዝኳት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ድምፅዋ አልጠፋልኝም። ሊፍቱን ገዛህም አልገዛህም፣ ዛሬውኑ ሁለት የብረት መደገፊያ ግዛ። ከ50 ዶላር በታች ይገኛል። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር ሁለተኛ እንዳትገባ።

የታክስ ሠራተኛው፣ ፌርፋክስ

እስካሁን ማንም ያልጠየቀህን ልጠይቅህ። የምትሠራው የራስህን መኪና ብቻ ነው ወይስ የሰውም? ምክንያቱም ብዙ ካውንቲዎች በመኖሪያ ቤት የሰው መኪና በገንዘብ መጠገን ይከለክላሉ። አንድ ጎረቤት ከደወለ ተቆጣጣሪ በርህ ላይ ነው። ሰፈርህ ኤችኦኤ (የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ካለው የእሱንም ደንብ አንብብ፣ ለራስህ መኪና እንኳ ሊፍት የማይፈቅድ አለ። ለኤሌክትሪኩ ፈቃድ አውጣ። የቤት ኢንሹራንስ ብዙውን ጊዜ ከንግድ ሥራ ጋር ለተያያዘ ጉዳት አይከፍልም። የጓደኛህ መኪና ሊፍት ላይ ሆኖ ቢጎዳ ከኪስህ ነው።

የተቃጠለውን ዘይት ደግሞ አደራ፣ መሬት ላይ እንዳትደፋው። የአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት ኢፒኤ እንደሚለው የአንድ ጊዜ ቅያሪ ዘይት አንድ ሚሊዮን ጋሎን ንጹሕ ውሃ ሊበክል ይችላል። መለዋወጫ ሱቆች በነጻ የሚቀበሉ አሉ፣ በጀሪካን ይዘህ መሄድ ነው።

ሹፌሩ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። መደገፊያውን አሁን ገዝቼ መጣሁ። እውነቱን ለመናገር ሦስት ሹፌር ጓደኞቼ አሉ፣ ፍሬን እሠራላቸዋለሁ፣ የዕቃውን ከፍለው ትንሽ ነገር እጄ ላይ ያደርጋሉ። ንግድ ብዬ አስቤው አላውቅም ነበር።

ያልነገርኳችሁ ሌላ ነገር አለ። ስለ ሊፍቱ ለእናቴ በስልክ አጫውቻት ነበር። እሷ ለታናሽ ወንድሜ ነገረችው። እሱም አዲስ አበባ መካኒክ ነው፣ በሰው ጋራዥ ተቀጥሮ ነው የሚሠራው። «አንተ ኡበር ነው የምትነዳው፣ ምን ያደርግልሃል? ለእኔ ላክልኝና ጋራዥ ልክፈትበት» አለኝ። እቁቡንም ሰምቷል። እናቴ ትናንት አለቀሰችብኝ። ሁለት ቀን ሆነኝ የወንድሜን ስልክ አላነሳሁም።

የሱማሌ ተራ ልጅ፣ ዴንቨር

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሱማሌ ተራ መለዋወጫ ሸጧል። እኔ ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እዚያ ነበር የምውለው። ሊፍት የሚባል ነገር አናውቅም። ጉድጓድ ነበር፣ ዳርና ዳሩ በድንጋይ የተሠራ፣ ላዳ ታክሲ ከላይ ትቆማለች፣ መካኒኩ ከሥር ገብቶ «ካቻቪቴ! ፒንሳ! 14 ቁልፍ!» እያለ ይጠራል፣ እኔ ሮጬ አቀብላለሁ። የጋዙ ሽታ ልብሴ ላይ ይቀራል፣ እናቴ ትቆጣለች። ምሳ ሲደርስ ሁሉም እጁን በኦሞ ታጥቦ አንድ ትሪ ሽሮ ይከበባል። እዚህ የራሴ ጋራዥ አለኝ፣ መሣሪያው ሁሉ ሞልቶኛል፣ ብቻዬን ነው የምሠራው። ዳዶ ከእጄ ሲወድቅ የሚያነሳልኝ ሰው የለም። የወንድምህን ስልክ አንሳ። እኔ አሁን የምደውልለት ወንድም የለኝም።

ዕቃ ላኪው፣ አትላንታ

የወንድምህን ስልክ አንሳ እሺ፣ ግን ሊፍቱን እንዳትልክ። በኮንቴይነር ዕቃ መላክ ከጀመርኩ ዓመታት ሆኖኛል። የመርከቡ፣ የጅቡቲው፣ የጉምሩኩ፣ የትራንዚተሩ ሲደመር ያገለገለ ብረት ከአዲሱ ይበልጥብሃል። ደግሞ በኛ አቆጣጠር ከ2016 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። የሚገባው ኤሌክትሪክ ነው። ወንድምህ የሚያውቀው ካምቢዮና ፍሪሲዮን ከሆነ ገበያው ጥሎት እየሄደ ነው። ገንዘቡን ላክለት፣ እዚያው የሚያስፈልገውን ይግዛ። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አንድ ዶላር በባንክም ቢሆን ከ100 ብር አልፏል፣ ከዚያ በፊት 57 ገደማ ነበር። የአንተ 1,800 ዶላር እዚያ ቁም ነገር ነው።

መካኒኩ፣ ጋርላንድ ቴክሳስ

ገበያው ጥሎት ሄዷል የሚለውን አልቀበልም። የገቡት የነዳጅ መኪኖች የትም አልሄዱም፣ እነ ቪትዝና ኮሮላ ገና ብዙ ዓመት ጥገና ይፈልጋሉ። እንዲያውም አዲስ ስለማይገባ ያለውን ጠግኖ መንዳት ነው። ኤሌክትሪኩም ቢሆን ጎማ፣ ፍሬን፣ ኩሽኔታ አለው። ሊፍት ላይ ሲወጣ ግን ይለያል። ባትሪው ከሥር ወለሉን ሞልቶት ስለሚተኛ ክንዱ የሚያርፍበት ቦታ ጠባብ ነው፣ ባትሪው ላይ ካሳረፍከው ጉድ ነው። ክብደቱም አለ፣ የቮልስዋገኗ አይዲ ፎር ብቻዋን 2 ቶን አካባቢ ናት።

ገንዘብ ላክ ያልከውን ግን እንጃ። እኔ ለአጎቴ ልጅ ለሱቅ ብዬ የላክሁት ገንዘብ ለሠርግ ነው የዋለው። ዕቃ ቢሆን ቢያንስ ቆሞ ይታያል።

ዕቃ ላኪው፣ አትላንታ

ይኼ አነጋገር ነው የሚያናድደኝ። አንድ ሰው ስላጠፋ አገር ቤት ያለ ዘመድ ሁሉ ገንዘብ በላ ይባላል? የእኔ እህት በላክሁላት ገንዘብ ልብስ ስፌት ከፍታ ሦስት ሰው ቀጥራለች። አትጨርሱ ሰውን።

መካኒኩ፣ ጋርላንድ ቴክሳስ

ሁሉ በላ አላልኩም። የደረሰብኝን ነው የተናገርኩት። የሁለት ዓመት የማታ ሥራዬ ነበር።

ኢንጂነሩ፣ አሌክሳንድሪያ

ስለ መላኩ አንድ ነገር ልጨምር። የአሜሪካ ሞተር በ60 ኸርዝ ነው የሚሠራው፣ የኢትዮጵያ መብራት 50 ነው። ቮልቱ ቢመሳሰልም ለ60 ብቻ የተሠራ ሞተር እዚያ ቀርፈፍ ብሎ ይዞራል፣ ይግላልም። ሰሌዳው ላይ 50/60 ካልተጻፈ ሞተሩን መቀየር ነው።

እናት ዓለም፣ ላስ ቬጋስ

ልጆቼ፣ ስለ ሊፍት አላውቅም። 31 ዓመት ገንዘብ ልኬያለሁ፣ ስለ እሱ ግን አውቃለሁ። አንተ ልጄ፣ እቁቡን የጣላችሁት አንተና ሚስትህ ናችሁ። መጀመሪያ ከእሷ ጋር ተቀመጥ። ለወንድምህ ልትሰጥ የምትችለው ካለ ልክህን ወስነህ፣ ይኼን ያህል ነው፣ ከዚህ በላይ የለኝም በለው። የሚያስቀይመው ዝም ማለትህ ነው። እናትህ ያለቀሰችው ለሊፍት እንዳይመስልህ፣ ሁለት ልጆቿ ስላልተነጋገሩ ነው። ዛሬ ማታ ደውል፣ እዚያ ሲነጋ ይደርሳል።

ዕቃ ላኪው፣ አትላንታ

እማማ ልክ ነዎት። እህቴን አስቤ ቱግ ብዬ ነው።

ሹፌሩ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

እማማ፣ ደወልኩለት። አንድ ሰዓት ተኩል አወራን። ሊፍቱን አልልክም አልኩት፣ ቅር ብሎታል፣ ግን አወራን። ለኤሌክትሪክ መኪና ኮርስ እከፍልልሃለሁ ብዬዋለሁ፣ ዋጋውን ጠይቆ ሊነግረኝ ነው። ባለቤቴ አጠገቤ ነበረች። ወለሉን ነገ እበሳለሁ።

መካኒኩ፣ ጋርላንድ ቴክሳስ

ጎሽ። ግን ነገ ዓርብ ነው። ወለሉን ከመብሳትህ በፊት ሻጩ ጋ ደውል። ከላይ የሚያያይዘው ብረት አለው ወይስ የለውም? እስካሁን አልመለስክልኝም።