የግድግዳችንን ሥር ከውሃ የሚያድን አሸንዳ የትኛው ነው?

ጥያቄ፦
ዝናብ በጣለ ቁጥር ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ የግድግዳውን ሥር እየቦረቦረ፣ ቀለሙንም ከታች ጀምሮ እየላጠ አስቸግሮኛል። አሮጌውን አሸንዳ ለመቀየር ስላሰብኩ ከፕላስቲክ፣ ከላሜራና ከአሉሚኒየም የቱ እንደሚሻል ብታስረዱኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦
ላሜራ ጠንካራ ቢሆንም በተፋቀበትና በተቆረጠበት ቦታ ዝገት ይጀምረዋል፤ ፕላስቲክ አይዝግም፣ ነገር ግን ፀሐይ ሲበዛበት ደርቆ ይሰነጠቃል። አቅም ከፈቀደ እኔ አሉሚኒየምን እመርጣለሁ። ከዓይነቱ ይልቅ ግን ስፋቱ ሊያሳስብዎ ይገባል፤ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ሲወርድ 2,000 ሊትር ውሃ ስለሚሆን፣ ጠባብ አሸንዳ ሞልቶ እየፈሰሰ ግድግዳውን መልሶ ያርሰዋል።

መልስ 2፦
አዲስ ከመግዛትዎ በፊት የአሮጌውን ተዳፋት ይመርምሩ፤ በየ1 ሜትሩ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ መውረጃው ቱቦ ማዘንበል አለበት። የእኔው መሐሉ ላይ ጎብጦ ውሃ ሲቋጥር ከርሞ፣ መሰላል ላይ ወጥቼ ሳየው በበሰበሰው ቅጠል ላይ ሣር በቅሎበት አገኘሁት፤ ከኋላው ያለው ጣውላም በጣት ሲነካ ይፈረፈር ነበር። ከዚያ ወዲህ ዝናብ ከመግባቱ በፊትና ቅጠል ከረገፈ በኋላ እጠርገዋለሁ፣ ውሃ ለቅቄበትም መጋጠሚያዎቹን አያለሁ።

ጠያቂው፦
በውሃ ልክ ስለካው ወደ ተቃራኒው አዘንብሎ አገኘሁት። ቱቦውም ውሃውን የሚያፈስሰው እዚያው መሠረቱ ሥር ነው።

መልስ 2፦
እንግዲያው ማቀፊያዎቹን አስተካክለው ይሰሩት፤ ቱቦውንም ከመሠረቱ ቢያንስ 1.5 ሜትር አርቆ እንዲያፈስስ ያስረዝሙት።