«መቻል» ስሜትን መደበቅ ነውን?

ተርጓሚዋ (ድሬዳዋ)፦
ሰዎች ስሜታቸውን እንዴት እንደሚገዙ የሚመረምር መጠይቅ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ጄምስ ግሮስና ኦሊቨር ጆን እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጡት ሲሆን፣ ካሉት 10 ዓረፍተ ነገሮች 6ቱ ነገሩን በሌላ ዓይን በማየት ስሜትን ስለ መለወጥ፣ 4ቱ ደግሞ የተሰማንን በፊትም በአንደበትም ሳያሳዩ ስለ መያዝ ናቸው። መላሹ ለእያንዳንዱ ከ1 (ፈጽሞ አልስማማም) እስከ 7 (ፍጹም እስማማለሁ) ቁጥር ይመርጣል። ለእነዚህ ለ4ቱ «ስሜቴን እችላለሁ» የሚል ሐረግ አስገብቼ በቀፊራ ገበያ ቅመም ለሚሸጡ አንዲት እናት ባነብላቸው፣ «ሳልችልማ እንዴት እኖራለሁ?» ብለው የመጨረሻውን ቁጥር፣ 7ን፣ መረጡ። ከእሳቸው በኋላ የጠየቅኋቸውም እንዲሁ አደረጉ። ሁሉም እኩል የሚመልሰው ጥያቄ ምንም አይለካምና ጥፋቱ ከቃሉ ይመስለኛል። «መቻል» በትክክል ምን ማለት ነው?

የከዚራ ልጅ፦
«ቻለ» የግዕዙ «ክህለ» ነው። ግዕዙ ይህን ግስ ለአቅምና ለሥልጣን ትቶ መታገሥን «ተዐገሠ» በሚል ሌላ ግስ ሲናገር፣ አማርኛ ሁለቱንም በ«ቻለ» ላይ ጫናቸው። እግዚአብሔር «ሁሉን ቻይ» ሲባል ኀይሉ፣ ጎረቤታችን «ቻይ ናት» ስትባል ትዕግሥቷ ይነገራል። ገንዘብ ያወጣ ሰው «ወጪውን ቻለ»፣ ከወላጆቹ ቤት የወጣ ደግሞ «ራሱን ቻለ» ይባላል። በሁሉም ውስጥ ሸክምና ሸክሙን የሚያነሣ ትከሻ አለ፤ መደበቅ ግን በአንዳቸውም የለም። ለቀስተኛው ሐዘንተኛውን «እግዜር ያስችልህ» ሲለው እንባህን ሰውር ማለቱ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። መደበቅን የሚገልጹት ሐረጎች ሌሎች ናቸው፤ «ንዴቱን ዋጠ»፣ «በሆዱ ያዘው»፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «ሆድ ይፍጀው»፤ ይህም ነገሩን እዚያው ሆድ ይጨርሰው፣ ወደ አፍ አይምጣ ማለት ነው።

ሆኖም ልዩነቱ ከዚህ ይጠልቃል። ልጅ ሳለሁ አንዲት የግቢያችን ሴት ወንድሟ በሩቅ አገር ማረፉ ተሰማና መርዶው እንደ ልማዱ ለንጋት ተቀጠረ። በዋዜማው የግቢው ሴቶች፣ አማራዋም ኦሮሞዋም ሶማሌዋም፣ ከእርሷ ጋር እንደ ወትሮው ቡና ጠጡ፣ ተጫወቱ፣ ሳቁም። አንደኛዋ ግን አላስቻላትም፤ ጀበናውን ላለቅልቅ ብላ ወጣችና ከቧንቧው ሥር ብዙ ቆየች። ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ፤ ግቢው በጩኸት ሲሞላ «እርምሽን አውጪ» እያሉ ደረታቸውን የደቁት እነዚያው ማታ ሲስቁ ያመሹት ሴቶች ነበሩ። እናቴ ስለዚያ ሌሊት ስታነሣ ሁልጊዜ «እስኪነጋ ቻልነው» ትላለች። ያ መቻል ለሌላ ሰው እንቅልፍ ሲባል የተደረገ፣ የማብቂያ ሰዓቱም አስቀድሞ የታወቀ ነበር። «እርም ማውጣት» የሚለው ሐረግ በቋንቋችን ባይኖር ኖሮ ያንን «ቻልነው» እኔም ከመደበቅ ልቆጥረው እችል ነበር።

ይህን የማነሣው በጥናቱም መስክ ነገሩ ስላልተዘጋ ነው። ግሮስና ጆን በአሜሪካ ተማሪዎች ዘንድ ስሜትን መደበቅ ከሥነ ልቦናዊ ደኅንነት ማነስ ጋር ተያይዞ አገኙት። እ.ኤ.አ. በ2011 ግን ሆዜ ሶቶና ባልደረቦቹ የአውሮፓ ዝርያ ያላቸውን አሜሪካውያን ከሆንግ ኮንግ ቻይናውያን ጋር ሲያነጻጽሩ፣ ያ ዝምድና በአሜሪካውያኑ ላይ እንጂ በሆንግ ኮንጎቹ ላይ አልታየም። በእኔ ግምት ወሳኙ ጥያቄ የሚደበቀው ለማን ሲባል ነው የሚለው ነው፤ ይህን ደግሞ ግሱ ብቻውን አይነግረንም።

የጀጎል ሰው (ሐረር)፦
ወንድሜ፣ የመርዶውን ነገር እቀበላለሁ፤ «መደበቅ በአንዳቸውም የለም» ያልከውን ግን አልቀበልም። ባሏ በድሏት ወደ ቤተሰቧ የመጣችን ሴት ሽማግሌዎች «ቻል አድርጊው» ብለው ሲመልሷት ስለ ትከሻዋ አቅም እየተናገሩ አይደለም፤ ዝም በይ እያሏት ነው። ጽሕፈታችንም ያጋልጠናል። «ችላ» ተብሎ ቢጻፍ፣ «ላ» ላልቶ ሲነበብ ታግሣ ማለት ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ «ችላ ማለት» በሚለው ውስጥ ያለው፣ ግድ አለመስጠትን የሚገልጸው ቃል ይሆናል። ፊደሉ መጥበቅና መላላትን አያሳይምና እኅታችን ቃሉን በመጠይቁ ውስጥ ባታስገባው ይሻላል።

«ሶብር»ንም እንዳታስገቢው። በእኛ ዘንድ ለሐዘንተኛ «አላህ ሶብሩን ይስጥህ» ይባላል፤ ከዐረብኛው የመጣ ሲሆን በሥሩ መያዝ፣ መግታት የሚል ፍች አለው፤ ከ«መቻል» ይልቅ ለ4ቱ የቀረበ ይመስላል። ነገር ግን የሃይማኖት ምግባር ስለ ሆነ ማንም «ሶብር የለኝም» ብሎ 1ን አይመርጥልሽም። ለ6ቱ ግን ብዙ መድከም የለብሽም፤ «ለኸይር ነው» እና «ከዚህ የባሰ አታምጣ» የሚሉ ሰዎች ሐሳቡን ሲኖሩበት ነው የከረሙት።

ተርጓሚዋ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ዓረፍተ ነገሩን «የተሰማኝን ሰው እንዳያውቅብኝ አደርጋለሁ» ወደሚል ለወጥኩትና ዛሬ ጠዋት ወደ ቅመም ሻጯ እናት ተመለስኩ። «የትኛው ሰው?» አሉኝ፣ በርበሬ የሚሰፍሩበትን ጣሳ እንደ ያዙ። ማንኛውም ሰው ብላቸው ራሳቸውን ነቀነቁና «ለልጆቼ ከሆነ 7፣ ለዚህች ለጎረቤቴ ከሆነ 1 ብለሽ ጻፊ» አሉኝ። ጎረቤታቸው ከጎናቸው ቁጭ ብላ እርድ እየነፋች ነበር። የሚሞላው አንድ ቁጥር ብቻ ስለ ሆነ ቦታውን ባዶ ትቼዋለሁ፤ አሁን «ሰው» የሚለውን ቃል በምን ልተካው?