ክላራ ሌምሊክ ማን ነበረች?

ጥያቄ፦ በ1909 እ.ኤ.አ. የኒው ዮርክን ልብስ ሰፊዎች ለአድማ ያስነሳችው አንዲት ወጣት ናት ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አዎ፣ ክላራ ሌምሊክ። ከዩክሬን የሄደች አይሁዳዊት ሰፊ ናት። ከዚያ በፊት በአድማ ላይ ሳለች ደብድበው የጎድን አጥንቷን ሰብረዋታል። በኖቬምበር 22 ኩፐር ዩኒየን አዳራሽ ውስጥ በተደረገ የሠራተኞች ስብሰባ ላይ ትልልቆቹ ተናጋሪዎች ሲያንዛዙ መድረክ ላይ ወጣች። የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዳውያን በሚናገሩት በይዲሽ ቋንቋ፣ ወሬው ይብቃና አድማ እንምታ አለች። ከ20,000 በላይ ሠራተኛ ሥራ አቆመ። ምን ዓይነት ልብ ነው!

ሌላ መልስ፦ እኔም የምተዳደረው በስፌት ነው። ውስጤን የሚያቃጥለኝ የትራያንግል፣ የዚያው የኒው ዮርክ ልብስ ፋብሪካ ነገር ነው። ሠራተኞቹ አድማው ውስጥ ነበሩ፤ ባለቤቶቹ ግን የሠራተኛ ማኅበሩን አልተቀበሉም። በማርች 1911 ፋብሪካው ተቃጠለ። 146 ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ አይሁዳውያንና ጣሊያናውያን ወጣት ሴቶች ናቸው። ዘጠነኛው ፎቅ ላይ አንዱ በር ተቆልፎ ነበር። መቆለፍ!

ጠያቂው፦ ባለቤቶቹስ ተቀጡ?

መልስ፦ የለም። በዚያው ዓመት ፍርድ ቤት በነፃ ለቀቃቸው።