ሃርት አታክ የመታው ሁሉ ኮሌስትሮሉ ምንም ይሁን ምን 80 ሚሊግራም ስታቲን ይጀምር?

ጠያቂዋ፦ አባዬን ሃርት አታክ መትቶት ስቴንት (የልብ ደም ሥርን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) ገብቶለት ወጣ። ስታቲን ከሚባሉት የኮሌስትሮል መቀነሻ ክኒኖች አንዱ፣ አቶርቫስታቲን 80 ሚሊግራም ታዞለታል። ኤልዲኤሉ፣ ማለትም መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል፣ 98 ነው። አጎቴ ወረቀቱን አይቶ "ኮሌስትሮሉ ደህና የሆነ ሰው ለምን ጉበቱን ይጎዳል?" ብሎ ክኒኑን አስቁሞታል። እኔ መቆም የለበትም ባይ ነኝ። እናንተስ?

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦ ልክ ነሽ እህቴ። ደሙ የተወሰደው ግን መቼ ነው? ሃርት አታክ ከመታ ከቀን በኋላ ኮሌስትሮል ይወርዳል፤ ስለዚህ የቀድሞው ከ98 በላይ ሊሆን ይችላል። ደግሞ 98 ለጤነኛ ሰው ደህና ነው፤ ልቡ አንዴ ለተመታ ግን አይደለም። የአውሮፓ የልብ ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ55 በታች ይውረድ ይላል።

የኢኮኖሚክስ መምህር፦ ዶክተር፣ መመሪያ ማስረጃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣውን ሚራክል የተባለ ጥናት አንብቤዋለሁ። 3,086 ታካሚዎች ሆስፒታል በገቡ በአራት ቀን ውስጥ ገሚሶቹ 80 ሚሊግራም፣ ገሚሶቹ መድኃኒት የሌለበት ባዶ ክኒን ጀመሩ። በ16 ሳምንት ችግር የገጠማቸው በቅደም ተከተል 14.8 ከመቶ እና 17.4 ከመቶ ናቸው። ልዩነቱን ያመጡት በዋናነት በደረት ሕመም ተመልሰው የተኙት ናቸው። በሞት በኩል ይህ ነው የሚባል ልዩነት የለም። ለዚህ ብላችሁ ነው ሁሉንም 80 የምታስውጡት?

ሐኪሙ፦ ቁጥሩ ልክ ነው፤ ግን 16 ሳምንት ብቻ ነው ወንድሜ። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው ፕሩቭ ኢት የተባለ ጥናት 4,162 ሰዎችን በአማካይ ሁለት ዓመት ተከታትሏል። እዚያ ባዶ ክኒን የወሰደ የለም። ፕራቫስታቲን የተባለውን ሌላ ስታቲን 40 ሚሊግራም የወሰዱት ኤልዲኤላቸው ወደ 95፣ አቶርቫስታቲን 80 የወሰዱት ወደ 62 ወረደ። ሞት፣ ዳግም ሃርት አታክ፣ ስትሮክና መሰሎቹ ሲደመሩ 26.3 ከመቶ እና 22.4 ከመቶ ሆኑ። አስተውሉ፣ አባትየው 98 ላይ ናቸው። አጎትየው "ደህና" ያሉት ቁጥር በዚህ ጥናት የተሸነፈው ወገን ቁጥር ነው።

መምህሩ፦ ከመቶ አራት ሰው ማለት ነው። ጉበትስ?

ሐኪሙ፦ አራቱ ለእኔ ብዙ ናቸው። የጉበት ኢንዛይም ከሦስት እጥፍ በላይ የጨመረባቸው 80 ከወሰዱት 3.3፣ ከሌሎቹ 1.1 ከመቶ ነበሩ። አልደብቅም፤ ደም የምንመረምረው ለዚህ ነው። ኢንዛይም ጨመረ ማለት ግን ጉበት አለቀ ማለት አይደለም። መጠኑ ሲቀነስ ወይም ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ ይስተካከላል።

ክኒኑን ያቆመ፦ እኔ እግሬን ሲያመኝ ተውኩት። ሕመሙ የሐሳብ ነው ልትሉኝ ነው?

ፋርማሲስቷ፦ ኧረ ጋሼ፣ ሕመሙማ እውነት ነው። ያመጣው ምንድን ነው የሚለው ነው ጥያቄው። ለንደን ያለው ኢምፔሪያል ኮሌጅ በእንዲህ ያለ ስሜት ስታቲን ያቆሙ 60 ሰዎችን ይዞ፣ አንዳንድ ወር ስታቲን፣ አንዳንድ ወር ባዶ ክኒን፣ አንዳንድ ወር ምንም ሳይሰጥ አያቸው። በስታቲኑ ጊዜ ከተሰማቸው ሕመም 90 ከመቶው በባዶው ክኒንም ተሰማቸው። ግማሾቹ መድኃኒቱን ዳግም ጀመሩ። ሽንትዎ ከጠቆረና ጡንቻዎ ክፉኛ ከታመመ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ጋ ይሂዱ። ክላሪትሮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ ሲታዘዝልዎም ስታቲን እንደሚወስዱ ይናገሩ።

መምህሩ፦ እሺ፣ ይጀመር። የ80 ዓመት አዛውንትም 80 ይዋጡ? እኔ የምቃወመው "ሁሉም" የሚለውን ነው።

ሐኪሙ፦ እዚህ ላይ ተግባብተናል። ዕድሜያቸው ከ75 ካለፈ ወይም ብዙ መድኃኒት ከሚወስዱ መጠኑን ልንቀንስ እንችላለን። አናስቆምም።

ጠያቂዋ፦ ወረቀቱን አየሁት፤ ደሙ የተወሰደው በሦስተኛው ቀን ነው። አባዬ 61 ዓመቱ ነው። ጾም ላይ ስለሆነ ጠዋት መዋጥም አይፈልግም።

ፋርማሲስቷ፦ አቶርቫስታቲን ሰዓት አይመርጥም፤ ማታ ይውሰዱት። ዛሬውኑ ያዘዘላቸው ሐኪም ጋ ደውዪና መቆሙን ንገሪው። ከተጀመረ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ኤልዲኤሉ ይለካ። አሁንም ከ55 በላይ ከሆነ ኢዜቲማይብ የተባለ ሌላ የኮሌስትሮል መቀነሻ ይጨመርላቸዋል።