ቢሮዬ ምድጃ ሆኖብኛል፤ ምን ይሻለኛል?

የምሠራው ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ነው። ከሰዓት ላይ ቴርሞሜትሩ 37 ዲግሪ ይላል። ሸሚዜ ከወንበሩ ጋር ይጣበቃል፤ የምጽፍበት ወረቀት ሳይቀር በክንዴ ላብ ይርሳል። ቬንቲሌተር ገዛሁ። ጠዋት ጠዋት ግሩም ነው። ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ግን አየሩ ራሱ ከቆዳዬ ስለሚበልጥ ትኩስ ነፋስ ነው የሚለቅብኝ። እርጥብ ፎጣ አንገቴ ላይ ሳደርግ ቀለል ይለኛል፤ ምን ዋጋ አለው፣ ወዲያው ይደርቃል። መስኮቱን ብከፍተው ፀሐይ፣ ብዘጋው መታፈን። አለቃዬ "ለሁላችንም ነው የሚሞቀው" ብሎ ዘጋኝ (የእሱ ክፍል ኤሲ አለው!)።

ትናንት ራሴን አዞረኝ። እሱ ነው ያስፈራኝ። እንዲህ ዓይነት ቦታ የሠራችሁ፣ መስኮቱን ከውጭ ብጋርደው ይሻላል ከውስጥ? ቬንቲሌተሩንስ ወዴት ላዙረው? እባካችሁ የሞከራችሁትን ንገሩኝ።