ቦይለሬ ውሃው አልፈስ አለ፣ ኤለመንት ልቀይር ነበር

የጎሮዋ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ 80 ሊትር የኤሌክትሪክ ቦይለር አለ። ሰሞኑን ማሞቅ አቆመ። መብራቷ ትበራለች፣ ውሃው ግን በረዶ ነው። አንድ ኤሌክትሪሺያን አይቶት ኤለመንቱ (ውስጡ ያለው ማሞቂያ ብረት) ተቃጥሏል፣ ውሃውን አፍስሳችሁ ጥሩኝ ብሎ ሄደ። አዲስ ኤለመንት ከነጓርኒሲዮኑ (ውሃ እንዳያፈስ ከሚይዘው ጎማ ጋር) ገዝቻለሁ። የቸገረኝ ማፍሰሱ ነው። ብሬከሩን አጠፋሁ፣ ከሮቶ የሚመጣውን ሳራሲኔስካ (የውሃ መዝጊያ) ዘጋሁ፣ ከዛ ከቦይለሩ ስር ያለችውን ሴፍቲ ቫልቭ እጀታዋን አነሳሁ። አንድ ብርጭቆ እንኳን የማይሞላ ውሃ ወጣና ቀጥ አለ። ሲንኳኳ ግን ሙሉ እንደሆነ ያስታውቃል። ምን ላድርግ? ከስር ብሎኖቹን ብፈታቸውስ? ደግሞ ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ያ ሁሉ ውሃ ዝም ብሎ እንዲፈስ አልፈልግም።

አቢ ኮንዶ፦
እህቴ ብዙ አትድከሚ። ትልቅ ሳፋ ከስር አድርጊና ብሎኖቹን ፍቺያቸው፣ ባንዴ ይወርዳል። እኛ ቤት እንደዛ ነው የተሰራው።

ውሃ ልክ፦
አቢ ወንድሜ፣ በቅንነት እንደጻፍከው አውቃለሁ፣ ግን እባካችሁ ይሄን ማንም እንዳይሞክረው። 80 ሊትር ውሃ 80 ኪሎ ነው። ኤለመንቱ የተያዘበት ክዳን አንዴ ከለቀቀ በእጅ መልሶ መዝጋት አይቻልም። ሳፋው ወዲያው ይሞላል፣ ውሃው ደግሞ የሚወርደው ገመዶቹና ቴርሞስታቱ (ሙቀቱን የሚቆጣጠረው) ባሉበት በኩል ነው። የሌላ ሰው ቦይለር ትኩስ ሆኖ ቢከፈት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ 60 ዲግሪ የደረሰ ውሃ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ቆዳ ያቃጥላል። ለዚህ ነው ከማፍሰስ በፊት ብሬከሩን አጥፍቶ ሙቅ ውሃውን በሻወር ተጠቅሞ መጨረስ የሚሻለው፤ በቦታው ቀዝቃዛው ይገባል።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ ልጄ። የሰራሽው ሁሉ ልክ ነው፣ አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። ከስር ሁለት ቱቦ ታያለሽ፣ አንዱ ሰማያዊ አንዱ ቀይ ምልክት ያለው። በሰማያዊው ቀዝቃዛው ይገባል። የቀዩ ቱቦ ጫፍ ግን ታንከሩ ውስጥ እስከ ላይ ድረስ ይዘልቃል፤ ሙቅ ውሃ ከላይ ስለሚጠራቀም ነው። ስናፈስ ውሃው በሰማያዊው በኩል ይወጣል፣ በቦታው የሚተካው አየር ደግሞ በቀዩ መግባት አለበት። አንቺ የሙቅ ቧንቧውን አልከፈትሽም። አየር ካልገባ ውሃው አይወርድም፤ አንድ ቦታ ብቻ እንደተበሳ የዘይት ቆርቆሮ ማለት ነው።

ስለዚህ ሻወሩን ወይም የእጅ መታጠቢያውን ሙሉ በሙሉ ወደ ሙቅ አዙረሽ ክፈቺው። ሚክሰሩ መሃል ላይ እንዳይሆን። አየር ሲስብ ትሰሚዋለሽ። ከዛ የሴፍቲ ቫልቯን እጀታ አንሺ፣ አፏ ላይ ቀጭን ጎማ ሰክተሽ ወደ ጀሪካን አውርጂው። አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አዘጋጂ፣ ለልብስና ለወለል ይሆንሻል። ቀዳዳዋ ጠባብ ስለሆነች ጊዜ ይወስዳል።

ዘጎፋ፦
ጋሼ ያሉት ልክ ነው። እኔ የኤሌክትሪኩን ልጨምር። ብሬከር አጠፋሁ ማለት ብቻ አይበቃም። በተለይ ቆየት ያሉ ቤቶች ውስጥ ፌዝና (ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ገመድ) ኒውትራል (የሚመልሰው) ተቀያይረው የተሰሩ ብዙ ናቸው፣ ብሬከሩ ኒውትራሉን ብቻ ቆርጦ ፌዙ ኤለመንቱ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል። ኤሌክትሪሺያኑ ሲመጣ የስሩን ፕላስቲክ ሽፋን ከፈታ በኋላ ምንም ሳይነካ በፊት ሁለቱንም ገመድ በቴስተር ይፈትሽ። ካልሆነ ዋናውን ከቆጣሪው ጋ አጥፉት።

ሌላው፣ ኤለመንቱ በርግጥ መቃጠሉን ለክቶ ነው ወይስ በግምት? መብራቷ እየበራች ውሃው ካልሞቀ አብዛኛውን ጊዜ ኤለመንቱ ነው፣ ግን መለኪያ ካለ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ገመዶቹ ከኤለመንቱ ተነቅለው ይለካል። ባለ 1500 ዋት በ220 ቮልት ወደ 32 ኦም ያሳያል፣ ባለ 1200 ወደ 40፣ ባለ 2000 ወደ 24። ምንም ካላሳየ ውስጡ ተበጥሷል። ከዛ ከአንዱ ጫፍ ወደ ቦይለሩ ብረት ይለካ፤ እዚህ ላይ ምንም ማሳየት የለበትም። ካሳየ ኤለመንቱ ሽፋኑ ተሰንጥቆ ኤሌክትሪክ ወደ ውሃው እየለቀቀ ነው።

እና አንድ ጥያቄ፣ ቧንቧ ስትነኩ ነዝሯችሁ ያውቃል?

የጎሮዋ፦
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! የሙቁን ስከፍተው ፉጨት የመሰለ ድምፅ አሰማና ውሃው መውረድ ጀመረ። አንድ ጀሪካን ግማሽ ድረስ ሞላሁ። ከዛ ቡናማ አሸዋ የመሰለ ነገር ወጣና አሁን ጠብ ጠብ ብቻ ነው የሚለው። እጀታዋን ደጋግሜ ባነሳ ባወርድ ለውጥ የለም።

ዘጎፋ፣ ስለ መንዘሩ ስትጠይቅ ደነገጥኩ። ልጄ ባለፈው ሻወር ስትወስድ ቧንቧው ነዘረኝ ብላኝ ነበር። እጇ እርጥብ ስለሆነ መስሎኝ ተውኩት።

ዘጎፋ፦
ይሄ የሚተው ነገር አይደለም እህቴ። ቦይለሩ በርቶ ማንም ሰው ስሩ እንዳይታጠብ። ኤለመንቱ መቀየሩ የዛሬውን ችግር ይፈታል፣ ግን ሰው የነዘረው ግራውንድ (ያፈተለከውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው ገመድ) ስለሌለ ወይም ስለተቆረጠ ነው። ግራውንዱ ደህና ቢሆን ኖሮ ኤሌክትሪኩ በሰው በኩል መንገድ አይፈልግም ነበር። ቢጫና አረንጓዴ ገመዷ ቦይለሩ ብረት ላይ በብሎን ታስራለች ወይ? ሌላኛው ጫፏስ እውነት መሬት ውስጥ ከተቀበረ ዘንግ ጋር ይገናኛል ወይስ ሶኬቱ ውስጥ ተቆርጣ ቀርታለች? ብዙ ቦታ ያየሁት ሁለተኛውን ነው። በተጨማሪ ለቦይለሩ መስመር 30 ሚሊ አምፔር ሲያፈስ የሚቆርጥ ብሬከር አስገቢ። ተራው ብሬከር ገመድ እንዳይቃጠል ነው የሚጠብቀው፣ ሰውን አይጠብቅም።

ውሃ ልክ፦
ሴፍቲ ቫልቯ በዝቃጭ ተደፍናለች። ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው ውሃ ከግድብ ከሚመጣው ይልቅ ነጭ ዝቃጭ ይበዛዋል፣ ቡናማው ደግሞ ዝገት ነው።

እንዲህ አድርጊ፣ ግን ለሁለት ሁኑ። መጀመሪያ የከፈትሽውን የሙቅ ቧንቧ መልሰሽ ዝጊው። አየር ስለማይገባ ታንከሩ ውስጥ ያለው ውሃ ባለበት ይቆያል። ከዛ ባልዲ ከስር አድርገሽ ሴፍቲ ቫልቯን በቺያቤ ከነጭራሹ ፍቺያት። ትንሽ ውሃ ትለቃለች፣ አትደንግጪ። በቦታዋ ባለ ግማሽ ኢንች ፍሌክሲብል ቱቦ እሰሪና ሌላኛውን ጫፍ ጀሪካን ውስጥ ክተቺው። አሁን አንዳችሁ ሻወሩ ጋ ቁሙ፣ አንዳችሁ ጀሪካኑ ጋ። የሙቁ ሲከፈት ውሃው ይወርዳል፣ ጀሪካን ለመቀየር ሲዘጋ ይቆማል። አንዲት ጠብታ ሳታባክኚ ትጨርሺዋለሽ። መጨረሻ ላይ ከስር ጥቂት ሊትር ይቀራል፤ እሱ ክዳኑ ሲፈታ ነው የሚወርደው፣ ያኔ ሳፋ ይበቃል።

ቫልቯን አዲስ ግዢ። ርካሽ ናት፣ የተደፈነችውን መልሶ መስቀል አይገባም።

ሚሚ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ጋሼ እኛ ጋ አሜሪካ ያለው መሬት ላይ የሚቆም 50 ጋሎን ነው፣ ወደ 190 ሊትር ገደማ። 240 ቮልት ነው፣ ኤለመንቱም ሁለት ነው፣ ላይና ታች። ከስር የራሱ ማፍሰሻ አለው፣ የአትክልት ጎማ ይገጥመዋል። ባለፈው ስናፈስ እንደ እህታችን ቀጥ አለብን። ያው መፍትሄ ነው?

ውሃ ልክ፦
ያው ነው ሚሚ። ሁለቱንም ኤለመንት የሚቆርጠውን ድርብ ብሬከር አጥፊ፣ የሙቅ ቧንቧ ክፈቺ። እናንተ ጋ ማፍሰሻው ታች ስለሆነ ዝቃጩ እሱ ላይ ይከመራል። ማፍሰሻው ክፍት እንደሆነ የቀዝቃዛውን መግቢያ ለጥቂት ሰከንድ ከፈት ዘጋ አድርጊው፣ ግፊቱ ዝቃጩን ይገፋዋል።

የጎሮዋ፦
ወረደ! አራቱም ጀሪካን ሊሞሉ ትንሽ ነው የቀራቸው። ኤሌክትሪሺያኑም መጥቶ ክዳኑን ፈታው። ኤለመንቱ ነጭ ድንጋይ ለብሷል፣ አንድ ቦታ ላይ ተተርትሯል። ከጎኑ እንደ እርሳስ የቀጠነ፣ የተበላ ብረት አለ። እሱ ምንድን ነው? ሌላም ልጠይቅ፦ ሴፍቲ ቫልቯ ድሮ ውሃው ሲሞቅ ታንጠባጥብ ነበር፣ አንድ የቧንቧ ሰራተኛ አፏን ልድፈነው ብሎን ነበር። አዲሷም እንደዛ ብታደርግስ?

ውሃ ልክ፦
እንኳን አላስደፈንሽው ልጄ! ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። 80 ሊትር ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ አንድ ሊትር ከምናምን ይጨምራል፣ መውጫ ይፈልጋል። ቫልቯ ያንን ነው የምታስወጣው። ብትደፈንና ቴርሞስታቱ አልቆርጥ ቢል ታንከሩ ሊፈነዳ ይችላል። በትንሽ ጎማ ወደ ፍሳሽ አውርጃት፣ በቃ። በቫልቯና በቦይለሩ መሃልም ምንም አይነት መዝጊያ እንዳይገባ። ደግሞ ውሃ ሲጠፋ ታንከሩ ውስጥ ያለው ወደ መስመሩ ተመልሶ እንዳይሄድ የምትይዘው እሷ ናት። እሷን አውጥተው ቀጥታ ያገናኙ ቤቶች ናቸው ባዶ ቦይለር አብርተው ኤለመንት በየጊዜው የሚያቃጥሉት።

ቀጭኑ ብረት ማግኒዥየም ነው። ዝገቱ ታንከሩን ትቶ እሱን እንዲበላ ነው የተቀመጠው። እንደዛ ከቀጠነ ስራውን ጨርሷል፣ ክዳኑ ተከፍቶ እያለ ይቀየር። ታንከሩ ውስጥ ያለውን ድንጋይ በእጅ አውጡት፣ የተጣበቀውን በአቼቶ አርሱት እንጂ በካቻቢቴ አትፋቁት፣ የውስጡ ቅብ ይላጣል። አሮጌው ጓርኒሲዮን እንዳይመለስ። ብሎኖቹ በዙር ሳይሆን ትይዩ ትይዩውን እየተፈራረቁ ይጥበቁ።

ዘጎፋ፦
ገመዶቹ ከመነቀላቸው በፊት በስልክ ፎቶ ተነስተዋል ብዬ ልገምት። ካልተነሱ ቴርሞስታቱ ላይ የተጻፈውን አይቶ ይመልስ። ከዛ ውሃ መጀመሪያ፣ መብራት በኋላ። የሙቁን ቧንቧ ክፍት አድርጋችሁ ሙሉት፣ አየሩን እየተፋ ይመጣል፣ ሳይቆራረጥ ቀጥ ብሎ ሲወርድ ሞልቷል ማለት ነው። ባዶውን ካበራችሁት አዲሱ ኤለመንት ወዲያው ይቃጠላል።

የጎሮዋ፦
ፎቶ አንስቷል። ማግኒዥየሙን ገዝተን ገጠምነው፣ ሞልተነዋል፣ በክዳኑ በኩል የሚያንጠባጥብ ነገር የለም። አዲሱ ኤለመንት 33 ኦም አሳየ፣ ወደ ብረቱ ደግሞ ምንም። ግራውንዱ ግን እንዳልከው ነው፣ ሶኬቱ ውስጥ ተቆርጦ ነው የተገኘው። ነገ ዘንግ ቀብሮ ሊያገናኘው ነው፣ የ30 ሚሊ አምፔሩንም ብሬከር አብሮ ያስገባል።

ዘጎፋ፦
በጣም ጥሩ። እስከዛ ብሬከሩን እንዳታበሪው፣ ዛሬን በምድጃ አሙቃችሁ ታጠቡ።