ለሰፊ እግር የሚሆን የጫካና የዳገት መሮጫ ጫማ ጠቁሙኝ

ሰላም ወገኖች፣ ጫማ ነገር በጣም አስቸግሮኛል። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ጠዋት ጠዋት ወደ ቤዛዊት ዳገት እሮጣለሁ። ሲመቸኝ ደግሞ ዘጌ ሄጄ የቡናው ጫካ ውስጥ። እዚያ መንገዱ ድንጋይና የዛፍ ሥር ነው። ክረምት ላይ ደግሞ ጭቃው ሶል ላይ እየተለጠፈ እግር ያከብዳል።

ቁጥሬ 42 ነው፤ ችግሩ ስፋቱ ላይ ነው። እግሬ ከፊት በኩል ሰፊ ስለሆነ ትንሿ ጣቴ ትጨፈለቃለች። 43 ሳደርግ ጎኑ ያው ይጠባል፣ ተረከዜ ግን ይንሸራተታል። ቁልቁለት ላይ ጣቶቼ ከፊቱ ጋር እየተጋጩ ጥፍሬ ይጠቁራል። ሰልባጅ የማገኘው ደግሞ ትንሿ ጣት ጋ ቶሎ ይቀደዳል። ጫማ ሰፊ ቢጠግነውም ያው ቦታ መልሶ ይተረተራል።

ሳነብ እንዳየሁት የወንድ ጫማ መደበኛ ስፋቱ ዲ፣ ሰፊው 2ኢ፣ በጣም ሰፊው 4ኢ ነው። ኒው ባላንስ በእነዚህ ስፋቶች የሚሠራቸው ሞዴሎች አሉት። አልትራ ደግሞ የጣቱን ቦታ ሰፋ ያደርገዋል። ግን አብዛኞቹ ሞዴሎቹ ላይ ተረከዙና ፊቱ እኩል ከፍታ ስለሆነ ባትና የተረከዝ ጅማት ላይ ጫና ያበዛል፤ ቀስ እያሉ መልመድ ይጠይቃል። ዳገት ለሚያዘወትር ሰው ይሄ ያዋጣል?

ውጭ ያለ ዘመድ ሊልክልኝ ነው። ለክቼ መመለስ አልችልም፣ ገንዘቡም ቀላል አይደለም። እግራችሁ ሰፊ የሆነ ሯጮች እባካችሁ ንገሩኝ፦ የትኛውን ሞዴል አደረጋችሁ? ድንጋይ ላይ ጎኑ ስንት ወር ቻለ? 2ኢ ይበቃኛል ወይስ 4ኢ ልዘዝ?